እብዱ ትሪስታንና ያልተጠየቀችው ሙሽራ

በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ ባልና ሚስት ስምምነት ስንጽፍ ቆይተናል። ዛሬ ግን የምንነጋገረው ስለ አንድ የፈረንጅ ሥዕል ነው። «የቤተ ሰብ ገጽንና የፈረንጅን ሥዕል ምን አገናኛቸው?» የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠን፤ ሥዕሉ የተሣለው ለጋብቻ ስለ ተሰጠች ስለ አንዲት ልጅና እርስዋን ያመጣ ዘንድ ስለ ተላከ ስለ አንድ ጎልማሳ ነውና።

የነገሩም መነሻ እንዲህ ነው። በአሶሳ ከተማ የሚኖር አንድ ወጣት አንባቢ የሥዕሉን ግልባጭ በስልኩ ተመልክቶት ኖሮ፥ «ይህ የታወቀ የፍቅር ታሪክ ሥዕል ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን ጋሪና ምርኩዝ፥ ፊት የሌለውም ሰውነት እንጂ ፍቅር አላየሁበትም። በቅርቡ ጎጆ ልወጣ ተሰናድቻለሁና በእንግዳ መቀበያ ክፍሌ ብሰቅለው ምን ይመስላችኋል?» ሲል ጠየቀን። ጎጆ ሊወጣ የተሰናዳ ሰው ስለ ፍቅር ሥዕል መጠየቁ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይደለም፤ ስለዚህ ነገሩን ከሥር መሠረቱ እንዘረዝርለታለን።

ሥዕሉን የሣለው ሳልቫዶር ዳሊ ነው። ዳሊ በእስፔን ሀገር ፊጌሬስ በተባለች ከተማ በ1904 ተወልዶ በ1989 እዚያው ሞተ። (ዓ.ም. ያላልንበት ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውልልን።) ሥዕሉም እንደ ሌላው ሥዕል በክፈፍ ገብቶ በግድግዳ ላይ ይሰቀል ዘንድ የተሠራ አይደለም፤ የቴአትር መጋረጃ ነው። በታኅሣሥ ወር 1937 ዓ.ም.፥ ማለት ሀገራችን ከፋሺስት ወረራ ነፃ በወጣች በ4ኛው ዓመት፥ የዓለም ጦርነትም ገና ሳያልቅ፥ በኒው ዮርክ ከተማ «እብዱ ትሪስታን» የተባለ ባሌት ታየ። ባሌት ማለት ቃል ሳይነገርበት በዜማና በጭፈራ ብቻ ታሪክ የሚገለጥበት ትርኢት ነው። ዜማው የጀርመናዊው የሪካርድ ቫግነር ነበር፤ ጭፈራውን ያሰናዳው ሩስያዊው ሌዮኒድ ማሲን ነው፤ ታሪኩን ያወጣና ልብሱንም መጋረጃውንም የነደፈ ግን ዳሊ ነው። መጋረጃው ቁመቱ 9፥ ወርዱ 15 ሜትር ያህል ነው። ከትርኢቱ በኋላ ተጠቅልሎ በመጋዘን ብዙ ዘመን ከኖረ በኋላ፥ ዳኒዬሌ ፊንዚ ፓስካ የተባለ የስዊስ ተወላጅ በ2013 «ላ ቬሪታ»፥ ማለት «እውነት» ብሎ በሰየመው ትርኢት በሕዝብ ፊት እንደ ገና ዘረጋው።

ዳሊ የተከተለው የሥዕል መንገድ ሱሪያሊዝም ይባላል። ስሙ በቋንቋችን ሲተረጎም «ከእውን በላይ» እንደ ማለት ነው። አንድሬ ብሬቶን የተባለ ፈረንሳዊ ባለ ቅኔ በ1924 በፓሪስ ከተማ የመንገዱን ዓላማ የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ። የነዚህ ሰዎች አሳብ፥ ሰው ነቅቶ ሳለ የሚያየው ብቻ ሳይሆን ተኝቶ በሕልሙ የሚያየውም የእውነት ክፍል ነው፤ እንዲያውም ነቅቶ የሚደብቀውን በሕልሙ ይገልጠዋል የሚል ነው። ስለዚህ በዳሊ ሥዕል ውስጥ ሰዓት እንደ ሰም ቀልጦ በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ይህ ለብዙ ሰው የእብድ ሥራ ይመስለዋል። ነገር ግን የዮሴፍን ታሪክ ክርስቲያኑ በኦሪት ዘፍጥረት፥ ሙስሊሙም በቁርኣን በሱረቱ ዩሱፍ ያውቀዋል፤ ሰባት ከሲታ ላሞች ሰባቱን የሰቡ ላሞች ሲውጡ በፈርዖን ሕልም የታየው ምን ዐይነት ሥዕል ይመስላል? ሕልም ፈቺው እስኪመጣ ድረስ ያም ቢሆን የእብድ ነገር ነበር።

የኛም ሀገር ሰው ከዚህ መንገድ ርቆ አልቀረም። በ1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተወለዱት ስመ ጥሩው ሠዓሊ እስክንድር ቦጎሲያን በለንደን ከተማሩ በኋላ በፓሪስ ብዙ ዓመት ተቀምጠው ከሱሪያሊዝም ሥራዎች ጋር ተዋወቁ፤ ያንንም ከአባቶቻችን የብራና ክታብና ጠልሰም ጋር አዋሕደው እንግዳ የሆነ ሥራ ሠሩ። በ1964 የሣሉት «የፍርሃትና የደስታ የሌሊት በረራ» ዛሬ በአሜሪካ በሰሜን ካሮላይና ሙዚየም ይገኛል። በቤተ ክህነት ትምህርት ያለፈ ሰው ሁሉ ያን የክታብ ሥዕል ያውቀዋል፤ ከአካል ይልቅ ዐይን የበዛበት፥ ፊቱ ከኮከብ መካከል ብቅ ያለ፥ የሚያየውን ሰው መልሶ የሚያይ ነው። ደብተራውም በዚያው ክታብ ላይ አንዱን ለመድኃኔ ዐይን፥ አንዱን ለመስተፋቅር እያለ ይጽፍ ነበር። መስተፋቅርን ያነሣነውም በከንቱ አይደለም፤ የትሪስታን ታሪክ የሚዞረው በአንድ ጽዋ መስተፋቅር ላይ ነውና።

ታሪኩ ከኬልት ሕዝቦች ተነሥቶ በ12ኛው መቶ ዓመት ቤሩልና ቶማስ በተባሉ ባለ ቅኔዎች በፈረንሳይ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ትሪስታን የኮርንዋል ንጉሥ የማርክ፥ በእኛ አጠራር የማርቆስ፥ የእኅት ልጅ ነው። ሞርሆልት የተባለ የአየርላንድ ኀያል ግብር ሊያስገብር በመጣ ጊዜ ትሪስታን ገጥሞ ገደለው፤ ራሱም በተመረዘ መሣሪያ ቆሰለ። ቁስሉ አልሽር ቢለው ስሙን ለውጦ ወደ አየርላንድ ተሻገረ፤ በዚያም የዳነው የሟቹ የእኅት ልጅ በሆነችው በኢዞልዴ ቤት ነው። ከዚያም ንጉሥ ማርክ ሚስት ፈለገና ትሪስታንን መልእክተኛ አድርጎ ላከው፤ ትሪስታንም ሀገሩን ያስጨነቀ ዘንዶ ገድሎ ልጅቱን ለአጎቱ ተቀበለ። ሁለቱ ሀገሮች ደም ተቃብተው ነበርና ጋብቻው የዕርቅ ማሰሪያ ሆነ። እናትዋም ልጅዋ ወደማታውቀው ሰው መሄድዋን አይታ የፍቅር መድኃኒት በወይን ቀመመች፤ በሠርጉ ሌሊት ለባልና ለሚስት ታጠጣቸው ዘንድም ለደንገጡርዋ አደራ ሰጠች። በባሕር ላይ ሳሉ ግን ትሪስታንና ኢዞልዴ ውኃ ጠምቷቸው ያንኑ ጽዋ በስሕተት ጠጡት።

በሀገራችን ሙሽራይቱን ከአባትዋ ቤት የሚያመጣ ሚዜ ለእርስዋ እንደ ወንድም ነው፤ ሙሽራው ቢበድላት እንኳ የምትጠራው እርሱን ነው። እንግዲህ ትሪስታን የአጎቱ የንጉሡ ሚዜ ነበር ብንል ነገሩ ለአንባቢ ይገለጥለታል። ከዚህ የከፋ ነውር ይገኛልን? ታሪኩን የጻፉ ሰዎችም ይህን ስላወቁ ነው ጥፋቱን ሁሉ በጽዋው ላይ የጫኑት። ጽዋው ባይኖር ትሪስታን ከሃዲ፥ ኢዞልዴም አመንዝራ ትባል ነበር፤ ጽዋው ስላለ ግን ሁለቱም ምስኪን ተባሉ።

እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ ስንጽፍ የኖርን ሰዎች ይህን ጽዋ በሌላ ስም እናውቀዋለን። «አስነክታው ነው እንጂ ቤቱን አይጥልም ነበር»፥ «አንድ ነገር አቅምሶኝ ነው እንጂ ከልጆቼ አልለይም ነበር» የሚለው ቃል በሽማግሌ ፊትም በዳኛ ፊትም ስንት ጊዜ ተነገረ! ዳኛው የሚጠይቀው ስለ ተደረገው ነገር ነውና ጽዋው መዝገብ ላይ አይሰፍርም። የተናጋሪው ፍላጎት ግን ግልጥ ነው፤ ያደረገውን ሳይክድ ፈቃዱን መካድ ይሻል። ቤሩል በጻፈው ቃል የመድኃኒቱ ኀይል የሚቆየው 3 ዓመት ብቻ ነበር መባሉ በዚህ ላይ የሚያስገርም ነው። 3ኛው ዓመት ሲፈጸም ሁለቱ ፍቅረኞች በዱር ውስጥ የተቀደደ ልብሳቸውንና የከሳ ፊታቸውን አዩ፤ እርሱ የጦር ሹመቱን፥ እርስዋም የንግሥትነት ክብርዋን አስታውሰው አለቀሱ። ሆኖም ፍቅራቸው አልተወገደም። እንግዲህ ከ3 ዓመት በኋላ የቀረው ፍቅር ከየት መጣ? ቤሩል አይናገርም፤ ከትዳር 3 ዓመት ያለፈው አንባቢ ግን አሳቡን ቢልክልን ደስ ይለናል።

አሁን ወደ መጋረጃው እንመለስ። ዳሊ ሁለቱን ሰዎች ትልልቅ አድርጎ ፊት ለፊት አቁሟቸዋል፤ እርስ በርሳቸውም ይፈላለጋሉ። ነገር ግን ሥጋቸው እንደ ደረቀ መሬት የተሰነጠቀ ነው። ምርኩዝ ደግፎ ያቆመው አካል ይታያል። ራስ ሊሆን በሚገባው ስፍራ ነፋስ ሲነካው በኖ የሚጠፋ ነጭ የአበባ ዘር የተቀመጠበት አካል አለ። ከሰውነት ውስጥም ባለ አንድ ጎማ የእጅ ጋሪ ይወጣል። አንባቢያችን «ፍቅሩ የት አለ?» ያለው ይህን አይቶ ነው።

የጋሪው ነገር ምንጭ አለው። ዣን ፍራንስዋ ሚሌ የተባለ ፈረንሳዊ ሠዓሊ በ1857 እና በ1859 መካከል «አንጀሉስ» የተባለ ሥዕል ሣለ። አንድ ባልና ሚስት ድንች ሲቆፍሩ ውለው የማታ ደወል ሲሰሙ መሣሪያቸውን አስቀምጠው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልያሉ። አንጀሉስ ማለት የመልአኩን የገብርኤልን ብሥራት የሚያስታውስ ጸሎት ነው፤ የኛም አባቶች «በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል» የሚሉት ለዚያው ብሥራት ነው። በአሶሳም አካባቢ የአዛን ድምፅ ሲሰማ ዶማውን አቁሞ ወደ ቂብላ የሚዞረውን ገበሬ ያየ ሰው የሚሌን ሥዕል ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም። በሴቲቱ ኋላ ያ የእጅ ጋሪ ቆሟል። ዳሊ ግን በዚህ ሰላማዊ ሥዕል ውስጥ ከልጅነቱ ጀምሮ ፍርሃት ያይ ነበር። ሴቲቱ አጎንብሳ የምትጸልይ ሳትሆን ወንዱን ልትበላ የምታደባ ነፍሳት ትመስለኛለች ይል ነበር፤ በመካከላቸውም መሬት ላይ የሞተ ልጃቸው ተቀብሯል ብሎ አመነ። በኋላ ሥዕሉ በራጅ ሲመረመር ከቀለሙ ሥር ሣጥን የሚመስል ቅርጽ ታየ። ያ ቅርጽ የሬሳ ሣጥን ይሁን ሌላ፥ ዳሊ በባልና በሚስት መካከል የተቀበረ ነገር እንዳለ ማሰቡን አልተወም፤ ጋሪውንም ከሚሌ እርሻ አንሥቶ በትሪስታን መጋረጃ ላይ አቆመው።

እንግዲህ የዳሊ አነጋገር ይህ ይመስለናል። ሰው የፍቅሩን ሸክም ከውጭ የጫኑበት ይመስለዋል፤ ሸክሙ ግን ከገዛ አካሉ ይበቅላል። ብቻውን የቆመ ይመስለዋል፤ ምርኩዝ ግን ይደግፈዋል። የሚወደውን ሰው ፊት ያየ ይመስለዋል፤ ያየው ግን የሚበን ነገር ነው። ዳሊ ትርኢቱን በሞት ውስጥ ስላለ ፍቅር የሚናገር ብሎ ጠርቶታል። ይህን ሁሉ ስንል ሥዕሉን ሙሉ በሙሉ ወደድነው ማለታችን አይደለም። ጋሪው ለዕውቀት እንደ ሆነ ሁሉ ለማስገረምም የተቀመጠ ነው፤ ዳሊ ተመልካችን ማስደንገጥ የሚወድ ሰው ነበር፤ ሰው ሲደነግጥም ብዙ ጊዜ ማሰቡን ይተዋል። ለአንባቢያችንም ጥያቄ የምንመልሰው እንዲህ ነው፤ 15 ሜትር መጋረጃ በእንግዳ መቀበያ ክፍል አይገባም፤ ትንሹ ግልባጭ ይገባል፤ ነገር ግን ዐዲስ ሙሽራ በገባችበት ቤት ግድግዳ ላይ የተሰነጠቀ አካል ከማየት የአባትና የእናት ፎቶግራፍ ማየት ይሻላታል። ከሰቀለውም የእርስዋን ፈቃድ ጠይቆ ይስቀለው።

ፈቃድ ያልነው ቃል ወደ ዋናው ነገራችን አደረሰን። በመጋረጃው ላይ ጎልተው የሚታዩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ ንጉሡ የለም፤ አባትዬው የለም፤ መድኃኒቱን የቀመመችው እናትም የለችም። ተመልካቹ መከራው ሁሉ ከሁለቱ ልብ የፈለቀ ይመስለዋል። ታሪኩ ግን እንዲህ አይልም። በመርከብ ላይ ሳለች፥ ጽዋውም ከመጠጣቱ በፊት፥ ኢዞልዴን «ይህን ጋብቻ ትፈቅጃለሽን?» ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው እንኳ የለም። አባትዋ ሰጠ፤ እናትዋ ቀመመች፤ ትሪስታን ወሰደ፤ ማርክ ተቀበለ። በ1210 ገደማ ታሪኩን በጀርመንኛ የጻፈው ጎትፍሪድ በመርከቡ ላይ ሀገርዋንና ወገኖችዋን ትታ ወደማታውቀው ሰው መወሰድዋን እያሰበች ስታለቅስ ያሳየናል፤ አጎትዋን የገደለውን ትሪስታንንም ትጠላው ነበር። በዳሊ መጋረጃ ላይ በአበባ ዘር ራስ የቆመውን አካል ስናይ የመጣብን አሳብ ይኸው ነው፤ ይህ ፍጡር ፈቃዱን ቢጠየቅ በምን አፍ ይመልሳል?

ይህ በሩቅ ሀገር ብቻ የተደረገ ነገር አይደለም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ስምምነታቸውን ለማጽናት በ1875 ዓ.ም. የምኒልክን ልጅ ዘውዲቱን ለዐፄ ዮሐንስ ልጅ ለራስ አርአያ ሥላሴ ዳሩ። ያን ጊዜ ዘውዲቱ የ6 ዓመት ሕፃን ነበሩ። ራስ አርአያ ሥላሴ በ1880 ዓ.ም. ሲሞቱ ወደ አባታቸው ተመለሱ፤ ከዚያም ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. ንግሥተ ነገሥታት ሆነው የኢትዮጵያን ዘውድ ጫኑ። ሀገር ያስተዳደሩ እመቤት በልጅነታቸው የዕርቅ ማሰሪያ ሆነው ተሰጥተው ነበር። በጎጃምና በጎንደር ባላገርም ልጅ በሕፃንነትዋ ታጭታ በአማትዋ ቤት ማደግዋ የቅርብ ጊዜ ነገር ነው።

በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በመተከልና በካማሺ የሚኖሩት የጉሙዝ ወገኖቻችን የእኅት ልውውጥ የተባለ የጋብቻ ሥርዓት ከጥንት ይዘው ቆይተዋል። አንዱ እኅቱን ለሌላው ይሰጣል፤ በፈንታውም የዚያን ሰው እኅት ያገባል። እንግሊዛዊቱ የሥነ ሰብእ ሊቅ ዌንዲ ጄምስ ስለዚሁ ሥርዓት በ1975 ጽፈዋል። ከደጋ የመጣ ሰው ይህን ሲሰማ ወዲያው ሊፈርድ ይቸኩላል። እኛ ግን አስቀድመን የሥርዓቱን ሚዛን እንመልከት እንላለን፤ በከብትና በገንዘብ ሴት ልጅ አትገዛም፤ ቤተ ሰብ ልጁን ሰጥቶ ባዶ እጁን አይቀርም፤ ለሴት የሚተካከላት ሴት ብቻ ናት የሚል አሳብ አለበት። በጥሎሽ ብዛት የምንጣላ ደገኞች በዚህ ልንሳለቅ አይገባንም። ችግሩ የሚመጣው ከሌላ በኩል ነው። እኅት የሌለው ጎልማሳ ምን ያድርግ? ዘመድ ለምኖ ካላገኘ ልጅቱን ይዞ ይጠፋል፤ ከዚያም የሁለት ጎሣ ጠብ ይነሣል። ከሁለቱ ሴቶች አንዲቱ ባልዋን ትታ ብትሄድ የሌላይቱ ትዳር፥ በፍቅር የቆመ እንኳ ቢሆን፥ ይናወጣል። ወንድሟ ስለ ወደደ የተሰጠች ልጅ የሌላ ሰው ፍቅር ዋጋ ሆነች ማለት ነው፤ ኢዞልዴም የሌሎች ሰላም ዋጋ ነበረች።

ሕጉስ ምን ይላል? ፍትሐ ነገሥት የተጋቢዎችን ፈቃድ ይጠይቃል፤ በእስልምናም ኒካሕ ሲታሰር ልጅቱ ትጠየቅ ዘንድ ታዟል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ፈቃድን ግዴታ አድርጎ፥ ዕድሜውን ለሴት 15 ለወንድ 18 ወሰነ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የቤተ ሰብ ሕግ ሁለቱንም 18 አደረገ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በ34ኛው አንቀጽ ጋብቻ በተጋቢዎቹ ነፃና ሙሉ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዲመሠረት ደንግጓል። እንግዲህ ቃሉ አልጎደለም። የሚጎድለው ጠያቂው ነው። ብዙ ጊዜ ጥያቄው ሽማግሌ ተሰብስቦ፥ ጠጅ ተጥሎ፥ ዘመድ ተጠርቶ ካለቀ በኋላ ይቀርብላታል፤ እርስዋም ዐይንዋን መሬት ላይ ተክላ ዝም ትላለች፤ ዝምታዋ እንደ እሺታ ይጻፋል። ዝም ያለች ሁሉ ግን የወደደች አይደለችም፤ አንዳንዲቱ ስለ አፈረች፥ አንዳንዲቱም የአባትዋ ፊት ስላስፈራት ዝም ትላለች። ልጁን የሚወድ አባት ሽማግሌ ከመቀበሉ በፊት፥ ሌላ ሰው በሌለበት፥ «አይሆንም ብትዪ አልቈጣሽም» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ይህን ለማድረግ ወጪ የለበትም።

ሌላ ነገር ደግሞ አለ። የባሌቱ ስም «እብዱ ትሪስታን» መሆኑን ሲያነብ ዐረብኛ የሚያውቅ የአሶሳ ሰው ወዲያው ሌላ ታሪክ ትዝ ይለዋል፤ መጅኑን ማለት በዐረብኛ እብድ ማለት ነውና። ቀይስ የተባለው የዐረብ ጎልማሳ የለይላን ስም በግጥም እየጠራ በሰው ሁሉ ፊት አወጣት፤ አባትዋም ስለ ስሟ አፍሮ ከለከለውና ለሌላ ሰው ዳራት። ቀይስ ወደ በረሃ ወጥቶ ከአውሬ ጋር ኖረ፤ ሰውም መጅኑን አለው። ኒዛሚ የተባለው ታላቅ የፋርስ ባለ ቅኔ በ1188 ታሪኩን ከጻፈው ወዲህ ዝናው ከሕንድ እስከ ሱዳን ተሰምቷል። በዚህ ታሪክ ውስጥ መስተፋቅር የለም፤ የሚወቀስ ጽዋም የለም። ያለው የአባት ክብርና የሰው አፍ ነው። ትሪስታን ግን በእብድ መልክ ወደ ንጉሡ ቤት የገባው ኢዞልዴን ለማየት ሲል አስመስሎ ነው። በዚህ በኩል የዐረቡ ታሪክ ከፈረንጁ ይልቅ እውነተኛ መስሎ ይታየናል፤ ለይላም ለሌላ ሰው ተድራ መሞትዋ ከኢዞልዴ ሞት ይልቅ ያሳዝነናል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ልባችንን የነካችው በመጋረጃው ላይ ያላየናት አንዲት ሴት ናት። ትሪስታን ከኮርንዋል ከተሰደደ በኋላ በብሪታኒ ሀገር ሌላ ኢዞልዴ አገባ፤ እጀ ነጭዋ ኢዞልዴ ትባላለች። ያገባትም ስለ ስሟ ነው። በሠርጉ ሌሊት የፊተኛይቱን አስታውሶ አልነካትም፤ እርስዋም ይህን ከማንም ደብቃ ለብዙ ጊዜ በሚስትነት ስም ብቻ ኖረች። በመጨረሻ ትሪስታን በመርዝ ቆስሎ ሲጨነቅ የፊተኛይቱን ኢዞልዴ አስጠራ፤ ከመጣች መርከቡ ነጭ ሸራ፥ ካልመጣች ጥቁር ሸራ እንዲሰቅል አዘዘ። ሚስቱም ከግድግዳ ኋላ ሆና ይህን ሰማች። መርከቡ በታየ ጊዜ «ሸራው ምን ዐይነት ነው?» ብሎ ሲጠይቃት ነጩን ጥቁር ነው አለችው፤ እርሱም ወዲያው ሞተ። የመጣችውም ኢዞልዴ በሬሳው ላይ ሞተች።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው ሁሉ እጀ ነጭዋን ይረግማታል። ውሸትዋን እኛም አናመሰግንም። ነገር ግን ቀለሙን ለትሪስታን ከመንገርዋ በፊት በዚያ ቤት ስንት ዓመት ዋሽተውባታል? ባሏ በስሟ ሌላ ሴት ይጠራ ነበር፤ ጠዋት ማታ «ኢዞልዴ» ሲላት መልስ የምትሰጠው ለሌላዋ ነበር። እንዲህ ያለች ሚስት ዛሬም አለች፤ ባልዋ አይመታትም፥ አይሰድባትም፥ ቀለቡንም አያጎድልም፤ ሽማግሌ ቢሰበሰብ የምትከስበት ነገር የላትም፤ ልቡ ግን እቤት አልገባም። መዝገብ ጸሓፊ ይህን በምን ቃል ይጽፈዋል? ዳሊ አንዲት ሦስተኛ አካል በመጋረጃው ጥግ ላይ ሸራ እየተመለከተች ቢያቆም ኖሮ ሥራው ይሞላ ነበር እንላለን፤ ለእርስዋ ምርኩዝ ማንሣት ባላስፈለገውም፥ ያለ ድጋፍ የቆመች እርስዋ ብቻ ናትና።

ዳሊ ይህን ታሪክ በመጋረጃው ብቻ አልተወውም። ከጊዜ በኋላ በወርቅና በከበረ ድንጋይ ጌጥ መሥራት በጀመረ ጊዜ «ትሪስታንና ኢዞልዴ» የሚባል ጌጥ ነድፏል፤ ከሌሎቹ ጌጦቹ ጋር ዛሬ በተወለደባት በፊጌሬስ ይታያል። ሁለት ፊቶች በጎን ተቀርጸው ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ግንባራቸው፥ አፍንጫቸው፥ ከንፈራቸው ሊነካካ ደርሶ አይነካካም። በመካከላቸው የቀረው ክፍት ቦታ የጽዋ ቅርጽ አለው።